ለትርንጎ የተሠራው በርኖስ

አቶ ይሥሐቅ ከቀየት ከተማ ዳር ተቀምጠው አርባ ስድስት ዓመት በርኖስ ሠርተዋል። ስንት ሰው እንዳለበሱ ቢጠየቁ ቁጥሩን አያውቁትም፤ ለማን እንደ ሠሩ ግን አንዱንም አይረሱም። «ያ ትከሻው ዘንበል ያለው የራቤል ሰው» ይላሉ፤ ወይም «ያ አንገተ አጭሩ መሪጌታ»። ሰውን በስሙ ሳይሆን በትከሻው ነው የሚያስታውሱት። ስለዚህ በሰባ አንድ ዓመታቸው ደብዳቤ አጽፈው የአንዲት ልጅ ቁመት ስንት እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ጥያቄው ለእሳቸው አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር ልጅቱ በሥዕል እንጂ በሥጋ አለመኖሯ ነው።

ልጅቱ ትርንጎ ትባላለች። «የጉም ልጅ» የሚባለውን ተከታታይ የካርቱን ፊልም አዲስ አበባ ያሉ ሰባት ሠዓሊዎች ይሠሩታል፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ትርንጎ ጥቁር በርኖሷን ስትደርብ ጉም ትሆናለች፤ በቁልፍ ቀዳዳ ትሾልካለች፣ ገደል ትሻገራለች። ጠላቷ አፋኙ ነው። እሱ ደመናውን በስልቻ እያፈነ ይወስድና ደጋውን ዝናብ ያሳጣዋል።

አቶ ይሥሐቅና ባለቤታቸው ወይዘሮ ጌታነሽ ፊልሙን መጀመሪያ ያዩት በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ነው። አቶ ይሥሐቅ ገና ልጅቱ ብቅ ስትል ፊታቸውን አጨማደዱ። የመንዝ በርኖስ በቀኝ ትከሻው ላይ ወደ ላይ ቀና ያለች ሹል አለችው። ለምን በቀኝ እንደሆነች አንዱ እንዲህ ነው፣ ሌላው እንዲያ ነው ይላል፤ አቶ ይሥሐቅ ግን አባታቸው በቀኝ ሲያደርጉ አይተው በቀኝ ያደርጋሉ። የትርንጎ ሹል በግራ ነበረች።

«ገልብጣ ለብሳዋለች» አሉ።

«ጉም ሆና ስትበር ትከሻዋን ማን ያይላታል?» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ።

«እኔ አየሁታ።»

በሳምንቱ ልጃቸውን የምሥራችን ለፊልሙ ሠሪዎች ደብዳቤ አጻፏት። የምሥራች ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተምራ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ ያለ ቅጂና ያለ ቀን አንዲት ብጣሽ ወረቀት ከእጇ አትወጣም። የደብዳቤው ቅጂ ኅዳር 9 ቀን 2014 ይላል። መልስ አልመጣም። የፊልሙ ሁለተኛ ምዕራፍ ሲጀምር ግን፣ በክፍል አሥራ ሦስት፣ ሹሏ ወደ ቀኝ ተሻግራ ተገኘች። አቶ ይሥሐቅ እንግዳ እንደገባባቸው ሁሉ ከተቀመጡበት ዱካ ብድግ አሉ። ከዚያ ወዲያ አንድም እሑድ አላመለጣቸውም። ወይዘሮ ጌታነሽም ባላቸው በሥዕል ልጅ ልብስ ሲኮሩ እያዩ ይስቁ ነበር፤ እየሳቁም ትርንጎን ወደዷት።

ክፍል ሃያ አራት የታየው በሰኔ 2015 መጨረሻ ነው። አፋኙ ትርንጎን ገደል አፋፍ ላይ ደርሶባት በርኖሷን ከላይዋ መንጭቆ ወንዝ ውስጥ ጣለው። ልጅቱ በስስ ቀሚስ ቀረች፤ የቴሌቪዥኑ መስኮት በሙሉ ነጭ ሆነ፤ አለቀ። ያየው ሰው ሁሉ ከእንግዲህ ጉም መሆን ትችል ይሆን እያለ ሲከራከር፣ ወይዘሮ ጌታነሽ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር።

«ታዲያ ይቺ ልጅ ብርዱን እንዴት ትችለዋለች?»

ያን ክረምት ሙሉ ሱፍ ሲፈትሉ ከረሙ። መስከረም 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ። እንቅባቸው ውስጥ ዘጠኝ ልቃቂት ጥቁር ፈትል ተገኘ።

አቶ ይሥሐቅ ከዚያ በኋላ አልሸመኑም። የሚለብስ ሰው አልጠፋም፤ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጠጄ እንኳ ለባላቸው በርኖስ እንዲሠሩላቸው ሦስት ጊዜ ጠይቀዋል። ፈትሉ ግን ለአዋቂ ሰው አይበቃም፤ ቢያንስ ያንኑ ያህል መጨመር ነበረበት። አቶ ይሥሐቅ ደግሞ የጌታነሽን ፈትል ከሌላ ሴት ፈትል ጋር አላቀላቅልም አሉ። ቀጭንና ጠንካራ ነው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይለዩታል። እንዲሁ እንቅቡ ተከድኖ፣ ሽመና ዕቃው አቧራ ለብሶ ዓመት ከመንፈቅ ሄደ።

በ2017 መጋቢት፣ ተቋርጦ የከረመው ኔትወርክ ሲመለስ፣ የምሥራች የፊልሙን ሠሪዎች ማስታወቂያ በስልኳ አነበበችላቸው። ሦስተኛው ምዕራፍ መሠራቱ አልታወቀም። ቴሌቪዥን ጣቢያው ውሉን አላደሰም፤ ከሰባቱ ሦስቱ ሌላ ሥራ ይዘዋል። ፊልሙን የምትወዱ እንደሆነ አንድ ነገር ጻፉልን፣ ለሚመለከተው እናሳያለን ይላል። ሕዝቡም የልብና የአበባ ምስል እየለጠፈ ነው።

በሦስተኛው ቀን አቶ ይሥሐቅ «የትርንጎን ቁመት ጠይቂልኝ» አሉ።

የምሥራች ወዲያው ገባት፤ ዓይኗም ወደ እንቅቡ ሄደ። «አባዬ፣ ከእማዬ የቀረን እሱ ብቻ ነው።»

«ልብሷ አለ።»

«ልብሷማ የገበያ ነው። ይኼ የእጇ ነው።» ፊልሙ ቢቀር ከዚህ ፈትል ተሠርቶ የሚላከው በርኖስ ማንም የማያውቀው ዕቃ ቤት ውስጥ ካርቶን ሥር እንደሚጣል፣ ከዚያ ወዲያ ፈልገው እንደማያገኙት ነገረቻቸው። በጤና ጣቢያው የእናቷን ካርድ ከሕያዋን መደርደሪያ አንሥታ ወደ ሙታኑ ያዛወረችው በገዛ እጇ ነበር፤ ሌላ ነገር ማዛወር አልፈለገችም።

አባትዋ ተነሥተው እንቅቡን ከፈቱና አንዱን ልቃቂት መዳፏ ላይ አኖሩላት። ጫፉን ሳብ ስታደርገው ተበጠሰ። እንደገና ሳበች፤ አሁንም ተበጠሰ። ብል ገብቶበታል።

«እኔም ዛሬ አይደለም ያየሁት» አሉ። «እዚህ ቢቀመጥ ለኛም አይሆንም።»

የምሥራች ልቃቂቱን ወደ እንቅቡ መለሰች። በማግሥቱ ደብዳቤውን ጻፈችው።

በዚህኛው ጊዜ መልስ መጣ። ማዕረግ የምትባል ሠዓሊ ናት የጻፈችው። ትርንጎ ቁመቷ አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት ነው፣ ይህን ለመመለስ ግን ግማሽ ቀን ተከራከርን ትላለች፤ በክፍል ስድስት የቤቷ በር መቀርቀሪያ ዘንድ ትደርስ የነበረችው በክፍል አሥራ ዘጠኝ ታልፈዋለች፤ እስከ ዛሬም የጠየቀን ሰው የለም። አቶ ይሥሐቅ ዕድሜዋንም አስጠየቁ። አሥራ አንድ ነው ተባሉ።

«እንግዲያስ አራት ጣት ይጨመርላታል» አሉ። «ልጅ ያድጋል።»

የምሥራች የሥዕል ልጅ አታድግም ልትል አፏን ከፈተች፤ መቀርቀሪያው ትዝ አላትና ተወችው።

የተበላውን እየቆረጡ ደህናውን እየቀጠሉ፣ ሚያዝያ 2 ቀን ድሩን ዘረጉ። ወሬው በመንደሩ ሲዳረስ ወይዘሮ ጠጄ በደጁ ብቅ አሉ።

«አያ ይሥሐቅ፣ ለጥላ በርኖስ ትሠራለህ አሉ? የኔን ሽማግሌ ብርድ ሊገድለው ነው።»

«ሽማግሌሽ ማደጉን ጨርሷል። ይቺ ገና ናት።»

«እሷስ የት ታድጋለች? ፊልሙ ቆሟል አይደል የሚሉት?»

አቶ ይሥሐቅ መወርወሪያውን አቆሙ። «የጓሳን መስክ ሣሩ እንዲያድግ ስንት ዓመት ከከብትና ከማጭድ ዘግተን እንጠብቃለን። ያን ጊዜ ሣሩ ሞተ ትያለሽ?»

«ጓሳንማ የምንዘጋው እኛው ነን፣ የምንከፍተውም እኛው ነን» አሉ ወይዘሮ ጠጄ። «ይኼን የዘጋው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

አቶ ይሥሐቅ መወርወሪያውን መወርወር ቀጠሉ።

ፈትሉ የበቃው ለጥቂት ነው። ጨርቁን በሞቀ ውኃ ነክረው እስኪጠብቅ በእግራቸው ሲረግጡት እንደሚሰበሰብ አስበው፣ ከሚሰበሰበው በላይ አራቱን ጣት አትርፈው ሠሩት። ሰፍተው ሲጨርሱ ከዘጠኙ ልቃቂት የተረፈው አንድ ክንድ ክር ብቻ ሆነ። ለየምሥራች ሰጧት። እሷም ፖስታ ውስጥ ከታ በላዩ ላይ «የእናቴ ፈትል፣ ግንቦት 11 ቀን 2017» ብላ ጻፈችበት።

በርኖሱ ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ዕለት በአውቶቡስ ተላከ። አቶ ይሥሐቅ በደብዳቤው ላይ ስለ ሙያቸው ብዙ አላስጻፉም። የሱፉን ፈታይ ስም አስጻፉ፤ ያረፉበትን ቀንም። በመጨረሻ ወይዘሮ ጌታነሽ ክፍል ሃያ አራት ያለቀ ዕለት የጠየቁት ጥያቄ ቃል በቃል ተጻፈ፤ እስከ ዛሬ የመለሰላቸው የለም የሚል ተጨመረበት።

ሰኔ እስኪጋመስ ወሬ ጠፋ። የምሥራች ዕቃው መድረሱን የሚያሳየውን ደረሰኝ ሁለት ጊዜ አውጥታ አየች። አባትዋ ግን ደጅ ወጥተው የሚያልፈውን ሰው ትከሻ ይመለከታሉ።

ማዕረግ የደወለችው አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። የምሥራች ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ዱካው ላይ አኖረችው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሳንሠራው መደወል አፍረን ነው።»

«ምኑን?»

ማዕረግ ነገሩን ከሥሩ ጀመረች። ሦስተኛው ምዕራፍ ቢፈቀድ እንኳ እንዴት እንደሚጀምር ሳይስማሙ ዓመት አልፏቸዋል። አንዱ አዲስ ኃይል ይሰጣት ይላል፣ አንዱ ወንዙ ውስጥ ትግባ ይላል። ሁሉም ስለ ኃይሏ ያስባል እንጂ በዚያ አፋፍ ላይ በስስ ቀሚስ የቆመች ልጅ እንደሚበርዳት ለአንዳቸውም አልታየም። «ከሰባታችን አንድም ደጋ ያደገ የለም» አለች። ደብዳቤው ከተነበበ በኋላ የሚከራከር ጠፋ። የቀሩት አራቱ፣ ከሄዱትም አንዱ ተመልሶ፣ ከሥራ መልስ እየተሰበሰቡ ያለ ውል የክፍል ሃያ አምስትን መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ሥለውታል።

ወዲያው በስልኩ ላከችላቸው። ነጩ መስኮት ቀስ እያለ ጉም ሆነ። ከጉሙ ውስጥ ትርንጎ ወጣች። እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ ትንቀጠቀጣለች፤ እንደ ቀድሞው አልፎከረችም። «በረደኝ» አለች። ከሩቅ የእንዝርት ድምፅ ይሰማል። ልጅቱ ቀና ብላ ወደዚያው መሄድ ጀመረች፤ እዚያ ላይ ያበቃል።

አቶ ይሥሐቅ ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ከዚያ ዱካው ላይ ወዳለው ስልክ ጎንበስ ብለው፣ «በልክ ሆነ ወይ?» ሲሉ ጠየቁ።

«የባልደረባችን ልጅ ለብሳው ነበር። ረዝሟት ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል።»

«ይድረስ። ለዚህ ነው የጨመርኩት።»

ማዕረግ ልታታልላቸው አልፈለገችም። ቴሌቪዥኑ ገና አልወሰነም፤ ሁለቱን ደቂቃ ያሳዩዋቸዋል፤ መልሱ ከመስከረም በፊት አይታወቅም፤ እምቢም ሊሉ ይችላሉ። አቶ ይሥሐቅ እስኪያበቃ ሰሟትና «ጥሩ፣ ክረምቱን እንጠብቃለን» አሏት። ጤናዋን ጠየቁ፣ የባልደረቦቿንም፣ በአጠቃላይ የአምስቱንም፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

የምሥራች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እያበሰች ደብተሯን አወጣች፤ የተደወለበትን ሰዓት ልትመዘግብ ነው። አባትዋ ወደ ሽመና ዕቃው ሄደው ጎንበስ አሉ። የተቆረጡትን ክሮች ለቀሙ፤ አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«የምሥራች።»

«አቤት።»

«ጠጄ ዘንድ ሂጂና የፈተለችው ሱፍ ካላት አምጪልኝ በያት። ሽማግሌዋንም ይዛው ትምጣ። ልለካው።»