ስኳር የለመደ ጋን

ዛሬ የከተማ ሰው «ንጹሕ የማር ጠጅ» እያለ ሲያጣጥም ሰላም የጠጣ ይመስለዋል። እኔ ግን አጥንት ሲሰበር ይሰማኛል። አርብ ገበያ የነበረው ጠጅ ቤታችን ከስኳር ወደ ማር የተመለሰው በዱላና በዘነዘና ነው።

ማር ሲወደድ አባቴ ስኳርና ቢጫ ቀለም ማስገባት ጀመረ። ገበያተኛው አልጠላውም፤ ቶሎ ያሰክራል። አንድ አርብ፣ ከወገዳ በቅሎ ሊሸጥ የመጣ ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን ጠጪ «ፈሪ» አለው። የተሰደበው ሰው ዱላ የበቅሎ ሻጩ ግንባር ላይ ሲያርፍ ድምፁ ጓዳ ድረስ ተሰማ። የሰውየው ነፍስ ተረፈች፤ አንድ ዓይኑ ግን ጠፋ።

እናቴ የደጃፉን ደም በአመድ እየፈገፈገች፣ «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ደም አይፈስም። ስኳርም አይገባም» አለች።

«የመታው ዱላ ነው፤ ስኳር እጅ አለው እንዴ?» አለ አባቴ።

እሷ ግን በማርና በጌሾ ብቻ ጠጅ ጣለች። ሲደርስ የንስሐ አባታችን ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ልጄ፣ ይሄ የድሮው ነው።»

«ኧረ አባ! ከማር በቀር ጠብ ያላደረግሁበት!»

«ማሩማ ማር ነው። ጋኑ ነው ስኳሩን ያልረሳው።»

ጋኖቹን በግራዋ ቅጠል አጥባ፣ በወይራ አጥናቸው ነበር። ሌላ ምን ይቀራታል? ዘነዘናውን አነሣች። ሁለተኛውን ጋን ስትሰብር አባቴ «አበድሽ እንዴ!» ብሎ መሐል ገባ። ዘነዘናው ግን ወርዷል። የአባቴ ትከሻና ሦስተኛው ጋን አብረው ተሰበሩ። ወጌሻው እሱን ሲያስጮኸው እሷ ገል ትጠርግ ነበር።

አዳዲስ ጋኖች ተገዙ። አዲሱ ጠጅ በቀረበበት አርብ አባቴ ክንዱን በነጠላ አንጠልጥሎ በሩ ሥር ተቀመጠ፤ አኩርፎ፣ አንድ ብርሌም ሳይቀምስ። አንድ የከብት ነጋዴ ተጎነጨና ተፋው።

«እመቤት፣ ጠበል ነው ጠጅ ያቀረብሽልን?» ብሎ ብርሌውን ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው። ቤቱ በሣቅ ተናጋ።

አባቴ ተነሣ። በደኅናው እጁ ዱላ ይዟል። «የሚስቴን ጠጅ ነው ጠበል ያልከው?»

ቀጥሎ የሰማሁት የጥርስ ድምፅ ነው።

ሰባኪ ብሆን ንጹሕ ማር ሰውን ያለዝባል ብዬ በጨረስኩ። እናቴ አመዷን ይዛ ወጣች። ደሙን አየች፤ ባሏን አየች። ስለ ክብሯ በመማታቱ ፊቱ በርቷል፤ ምርቃት ይጠብቃል።

«ሁሉንም የሰበርኩ መስሎኝ!» አለችው። «ለካ አንዱ ጋን ተርፏል።»