ሶፋ ሠሪው ያሳደጋት ልጅ

ሶፋ ሠሪው ወሬ ይወዳል። ሲያወራ ጣቱን በመዶሻ ይመታና ወሬውን ሳያቋርጥ ጣቱን ይልሳል። ትዳር የያዘው ዘግይቶ ነው፤ ሚስቱም የስድስት ዓመት ልጅ ይዛ መጣች። ልጅቷ ስትወለድ ጭብጥ የማትሞላ ስለነበረች "ሚጢጢ" ተብላ ቀረች።

ሚጢጢ ሳቂታ ናት፤ ግን የነገሯት አይያዝላትም። ሳሙና ግዢ ሲሏት ሱቁ በር ላይ ደርሳ "ምን ነበር ያላችሁኝ?" ብላ ትመለሳለች። አስተማሪዋ "ሰነፍ ናት" ስትል ሶፋ ሠሪው ከፋው፤ እናትና ልጅን ይዞ ሐኪም ቤት ሄደ።

ሐኪሟ ልጅቷን መርምራ፣ አጫውታ ስታበቃ እናትየውን ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

"እርጉዝ ሳለሽ መጠጥ ትቀምሺ ነበር?"

"ባሌ ጥሎኝ ሄዶ ነበር" አለች እናት አንገቷን ደፍታ። "እንቅልፍ እንዲወስደኝ እጠጣ ነበር። ልጅ ይጎዳል ያለኝ ሰው አልነበረም።"

"እናት የጠጣችው በደሟ በኩል ለጽንሱም ይደርሳል። አእምሮው ገና እየተሠራ ስለሆነ ይጎዳዋል። የሚሽር ነገር አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም። አንድ በአንድ እየነገራችሁ ደጋግሙላት፣ ትማራለች።"

ሲመለሱ እናትየው ወደ ኋላ ቀረች። ሶፋ ሠሪው ቆሞ ጠበቃት።

"እኔው ነኝ የጎዳኋት" አለችው።

"የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የምናሳድጋት ልጅ አለችን፤ ነይ፣ ጎን ለጎን እንሂድ።"

ከዚያ ወዲህ ሚጢጢ ከትምህርት መልስ ከእሱ ጋር ሥራ ቤት ትውላለች። "መጀመሪያ ስፖንጅ፣ ቀጥሎ ጨርቅ፣ ከዚያ ምስማር" ይላታል። ስትረሳ እንደ አዲስ ይጀምርላታል። ለወሬኛ ሰው ይሄ ምን ይከብዳል? አድጋ ብቻዋን የሠራችው የመጀመሪያ ወንበር የጨርቁ አበባ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ወጣ። ደንበኛው ሲያጉረመርም ሶፋ ሠሪው "ላንተ ሌላ እሠራለሁ፤ ይሄ የቤቴ ነው" ብሎ ተሸክሞት ገባ።

አንድ እሁድ ነፍሰ ጡር ጎረቤታቸው መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። በወሬ መሃል "አንድ ብርጭቆ ቢራ እኮ ምንም አይልም" አለች። እናትየው ይህን ነገር ለባዳ ተናግራ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ሁሉንም ነገረቻት።

"ትንሽም ቢሆን ይቅርብሽ፣ እህቴ" አለቻት መጨረሻ ላይ።

ሚጢጢ ከጓዳ ብቅ አለች። "እማ፣ የምታወሪው ስለኔ ነው?"

"አዎ ልጄ።"

ሚጢጢ ቀረብ ብላ እናቷን ግንባሯ ላይ ሳመቻት። ከዚያ ለእንግዳዋ ውሃ ልትቀዳ ተመለሰች።