ጎማው ቀደመን

የራሴ መኪና ጎማ ቀድሞኝ ሲሄድ ያየሁት ከአማቴ ጋር ሆኜ ነው። ዲምቱ አጠገብ፣ በቆሎው ተሰብስቦ ባለቀበት ማሳ ላይ፣ እሳቸው የሞተር ሳይክል ሄልሜት በሻሻቸው ላይ ደፍተው ከጎኔ ተቀምጠው ነበር።

ያኔ ቤታችን ሶዶ፣ መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ገሱባ ነበር። ያንን መንገድ በአሮጌዋ መኪናዬ ስመላለስ፣ መኪና ጭቃ ላይ ሲንሸራተት መሪ እንዴት እንደሚያዝ ተማርኩ። ከዚያም ወደድኩት። አብረውኝ ይሳፈሩ ከነበሩት የሥራ ባልደረቦቼ አንዳንዶቹ በሚኒባስ መሄድ መረጡ፤ የቀሩት ግን ኩርባው ጋ ስንደርስ እንደ ትናንቱ አድርጊልን ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ሶዶ ውስጥ ጋራዥ ያለው አንድ ወዳጃችን፣ አሮጌ መኪና ያለንን ሰዎች ሰብስቦ ለምን አንወዳደርም ሲል፣ ንግግሩን ሳይጨርስ እጄን አወጣሁ።

ውድድሩ ቀላል ነበር። ማሳው ላይ በርሜሎች ይቆማሉ፤ መኪኖቹ በየተራ ብቻቸውን እየገቡ በርሜሎቹን ይዞራሉ፤ ባለ ጋራዡ በስልኩ ሰዓት ይይዛል። ደንቡ አንድ ነው፦ ከሹፌሩ ጎን አቅጣጫ የሚናገር ሰው መቀመጥ አለበት። የእኔ ሰው ባለቤቴ ነበር።

ባለቤቴ መንዳት ብዙም አይሆንለትም፤ መኪና ማሳመር ግን ነፍሱ ነው። ከውድድሩ በፊት በነበረው ሳምንት ጎማዎቹን ፈትቶ ቸርኬዎቹን ነጭ ቀለም መቀባት ጀመረ። እናቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጎራ ብለው አዩትና የሆስፒታል አልጋ አስመሰልከው አሉት። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር እንዲሆን አዘዙ፤ ልክ እንደ ዱንጉዛ ልብሳችን። እሱም ቀለም በቀለም ላይ እየደረበ ቀባው። ቸርኬውን የሚያስሩት ዳዶዎች የሚያርፉባትን ቦታ እንኳ አልተዋትም። ሲደርቅለት ጎማዎቹን መለሰና መፍቻው ላይ በእግሩ ቆሞ ዳዶዎቹን አጠበቀ። መኪናዋ ለሠርግ የተጠራች መሰለች። ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ ፎቶ ተነሣባት።

የውድድሩ ቀን አማቴ አብረውን መጡ። የመጡት ለምሳው ነው። ከቆጮ የሚሠራውን ሙቹዋ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ የሚያቃጥለውን ዳጣ በጠርሙስ ይዘው፣ ልጄ ፆሙን እንዳይውል አሉ። ማሳው ዳር ካለች ግራር ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ተቀመጡ። የዲምቱ ሰው ወጥቶ ዙሪያውን ሞልቶታል። አንድ ወጣት በድምፅ ማጉያ ግማሹን በወላይትኛ፣ ግማሹን በአማርኛ እያቀላቀለ ገና ያልተጀመረውን ውድድር ያስተላልፋል።

ለልምምድ አንዴ ዞርን። ባለቤቴ የመጀመሪያዎቹን በርሜሎች በደንብ ነገረኝ፤ ከዚያ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ስንቆም ወርዶ ከግራሩ ኋላ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ምንጣፉ ላይ ተጋደመና ሁለተኛ እዚያ መኪና ውስጥ እንደማይገባ ነገረኝ። ተራችን እየደረሰ ነው። ሌላ ሰው ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ስል አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

"እኔ እገባለሁ" አሉ።

ባለ ጋራዡ አቅማማ። መኪናው እንደሚያንገጫግጭ፣ አቧራው እንደሚያፍን፣ የሚያስፈራም እንደሆነ በትሕትና ነገራቸው። እሳቸው ከቦምቤ ሶዶ ድረስ በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ያልተመላለሱ ይመስል። ይህንኑ ነገሩትና በሩን ከፍተው ገቡ። ቀበቶውን አሰርኩላቸው፤ ሄልሜቱን አጠለቅንላቸው። ከዚያ ግራና ቀኝን ይለዩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እሳቸው በራሳቸው መንገድ እንደሚነግሩኝ አረጋገጡልኝ።

በራሳቸው መንገድ ነገሩኝም። ወደ ግራሩ መታጠፍ ሲያስፈልግ "ወደ ልጄ"፣ ወዲያኛው ዳር ፍየሎች ወደታሰሩበት ሲሆን "ወደ ፍየሎቹ" ይላሉ። ከባለቤቴ ግራና ቀኝ በጣም ይሻል ነበር። የመጀመሪያውን ዙር እንደ ውሃ ፈሰስንበት። መኪናዋ በጎኗ ስትንሸራተት አቧራው ከኋላችን እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ሕዝቡ ያፏጫል፤ የድምፅ ማጉያው ልጅ አማርኛውን ረስቶ በወላይትኛ ብቻ መናገር ጀምሯል።  አማቴን በጨረፍታ አየኋቸው። ዳሽቦርዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥርሳቸው በሙሉ ይታያል።

ሁለተኛው ዙር ላይ ከፊት በግራ በኩል ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። አማቴ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ድንጋይ ነው፣ ከሥር ሲመታን ነው አልኳቸው። ድምፁ ከፍጥነታችን ጋር ፈጠነ። መሪው እጄ ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም መወዛወዝ ጀመረ። ነዳጁን ለቀቅኩ። ያኔ ግን ዘግይቼ ነበር። መኪናዋ በእኔ በኩል ዘጭ አለች፤ በመስኮቴ አጠገብም ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር የሆነ ነገር እየተሽከረከረ ብቅ አለና አልፎን ሄደ።

አማቴ በጣታቸው አመለከቱኝ። "ልጄ፣ ያ የእኛ አይደለም?"

"የእኛ ነው፣ እማዬ።"

የፊቱ ብረት አፈሩን እንደ ማረሻ እየሰነጠቀ ግማሽ ዙር ዞረንና ቆምን። አቧራው ሸፈነን። ምንም አይታይም፤ ምንም አይሰማም። ዞሬ ስፈልጋቸው ሄልሜቱ ዓይናቸው ላይ ወርዶ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሱ መሰለኝ። ሄልሜቱን ገፋ ሳደርግላቸው ግን እየሳቁ ነበር፤ ድምፅ የሌለው፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሳቅ። አቧራው ሳሳ ሲል በጣታቸው ወደፊት አሳዩኝ። አየሁ። ጎማችን ቀጥ ብሎ የውድድሩን መጨረሻ መስመር አለፈ። ባለ ጋራዡ ስልኩን ጥሎ ወደ ጎን ዘለለ፤ ጎማው ከአጥሩ ክፍተት ሾልኮ ቦይና የሚሉት የጎደሬ ማሳ ውስጥ ገባና ሰፋፊ ቅጠሎቹ መሃል ጠፋ። ከዚያ በኋላ እኔም አልቻልኩም። ባለቤቴ ሕመሙን ረስቶ እየሮጠ ሲደርስ ተቃቅፈን እንስቃለን። ደህና ናችሁ ወይ ይለናል፤ እኛ ጎማው የገባበትን በጣታችን እናሳየዋለን።

ሕዝቡ ዳዶ ፍለጋ አፈሩን ሲዳብስ አንዲት ሴትዮ ጎማውን ከቦይናው ውስጥ እያንከባለለች መጣች። ማሳው የእሷ ነው። ባለ ጋራዡ ቸርኬውን ተቀብሎ ገለባበጠው፤ የዳዶዎቹ ቦታ ላይ ቀለሙ ተፍቆ ዱቄት ሆኗል። ዳዶው ብረት ላይ ሳይሆን ቀለም ላይ ነበር የጠበቀው፣ ቀለሙ በመንቀጥቀጡ ሲያልቅ ዳዶው ላላ ብሎ አስረዳን። ባለቤቴ እናቱን አየ፤ እናቱ ሰማዩን አዩ። ከሌሎቹ ሦስት ጎማዎች አንድ አንድ ዳዶ ፈትተን፣ የአራቱንም ቀለም በቢላዋ ፍቀን መልሰን አሰርን። ከጎማው በላይ የታጠፈውን ፓራፋንጎ በመዶሻ አቀኑልን። ባለ ጋራዡ ግን በዚያ ቀን መወዳደር እንደማንችል፣ ወደ ቤትም ቀስ ብለን እንድንሄድ ነገረን።

ሴትዮዋን ስለ ቦይናዋ ይቅርታ ጠየቅናት። አማቴ በወላይትኛ ብዙ አወሯት፣ ከሙቹዋውም አጎረሷት። እሷም ለካሳ አንድ ነገር ብቻ እንደምትፈልግ ነገረችን፦ እሷንም እንድናዞራት። ስለዚህ ሁሉም ከጨረሰ በኋላ ሴትዮዋ ከፊት፣ አማቴ ከኋላ ሆነው በርሜሎቹን ከሰው እርምጃ በማይፈጥን አነዳድ ዞርን። አማቴ "ወደ ፍየሎቹ" ማለታቸውን አልተዉም። ሴትዮዋ እጇን በመስኮት አውጥታ ለጎረቤቶቿ ታውለበልባለች። ከአሸናፊው ይልቅ ለእኛ ተጨበጨበ።

ወደ ሶዶ ስንመለስ በየመንገዱ እየቆምን ዳዶዎቹን እንነካካ ነበር። ባለቤቴ መፍቻውን ይዞ ይወርዳል፤ እናቱ ከኋላው ወርደው በደንብ መጥበቁን ይጠይቁታል። ዳሞታ ተራራ ከፊታችን ብቅ ሲል ወደ ቤት ከመግባታችን በፊት አንዴ በገበያው በኩል እንድናልፍ ለመኑኝ። አለፍን። የሚያውቁት ሰው ባዩ ቁጥር መስኮቱን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት አማቴ ሁለት የማኅበር ጓደኞቻቸውን አስከትለው ቆመዋል፤ ሁሉም ነጠላቸውን አደግድገዋል።

"ታ ናኤ" አሉኝ በቋንቋቸው፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "የገሱባን ኩርባ ማየት ይፈልጋሉ።"

ባለቤቴ ከውስጥ ሆኖ እሱ እንደማይሄድ ተናገረ። እኔ ቁልፉን ፍለጋ ገባሁ።