ታያለህ የተባለው ውሻችን

ዝናብ የመታው የውሻ ጠጉር ሽታ ለማንም ደስ የሚል ሽታ አይደለም። ባለፈው ሐምሌ ግን አንድ የሰፈር ውሻ ዶፉን ሸሽቶ፣ ባሕር ዳር በምኖርበት ሕንፃ ደረጃ ሥር ገብቶ ሰውነቱን ሲያራግፍ፣ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ በራፌ ድረስ መጣና፣ ስድሳ ዓመት ያለፈኝን ሴት በአንድ ጊዜ ወደ ቢቸና፣ በቅንጭብ ወደታጠረው ግቢያችን፣ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ የዐሥር ዓመት ልጅ ወደነበርኩበት ጊዜ መለሰኝ። ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን ይዘው ሲያልፉ እኔ ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ቀረሁ። ከሽታው ጋር የመጣው ናፍቆት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ከናፍቆቱ ኋላ ግን ቂም ተከትሎ መጣ፤ ያውም ያልቀዘቀዘ ቂም።

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ከሸዋ ተመድቦ መጥቶ፣ የቢቸናዋን እናቴን አግብቶ የቀረ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ጣቱን ሁልጊዜ ቀለም የነካው ሰው ነበር። ጎረቤታችን ደግሞ ባላምባራስ ዘገየ ነበሩ። ዛሬም ስማቸውን ያለ አንቱታ መጥራት አይሆንልኝም፤ እናቴ ያስተማረችኝ ሥርዓት ከጥላቻዬ ቀድሞ ስለገባ፣ ስጠላቸውም አንቱ እያልኩ ነው የጠላኋቸው። ባላምባራስ ከወንድማቸው ልጆች ጋር በርስት ሲካሰሱ፣ የሚጎዳቸው የምስክር ቃል የተጻፈበት መዝገብ እንዲጠፋላቸው ሰው ልከው አባቴን አስለመኑት፤ አባቴም «መዝገቡ የእኔ አይደለም፤ እኔ ጠባቂው ነኝ» ብሎ መለሰላቸው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰውና፣ ልብሱን በአንድ ሻንጣ ከትቶ ወደ ሞጣ ሄደ። ደብዳቤው የማንንም ስም አላነሣም። ነገር ግን ባላምባራስ በዚያው ሳምንት በደጃችን ሲያልፉ፣ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ይቀመጥበት የነበረውን ባዶ በርጩማ አይተው ፈገግ አሉ፤ እናቴም አየች፣ እኔም አየሁ። እናቴ አባቴን ተከትላ መሄድ ትችል ነበር፤ ግን የወላጆቿን ቤት ጥሎ መሄድ አጥሩን አፍርሶ ለእርሳቸው እንደመስጠት መሰላትና፣ «አንድ ስንዝር አልነቃነቅላቸውም» ብላ ቀረች።

ክረምቱ ሲጋመስ፣ ከሞጣ የመጣ አንድ ነጋዴ አባቴ የላከውን ቅርጫት አደረሰልን። ውስጡ መዳፉ ከፊቱ የሚበልጥ፣ ሆዱ እንደ ቅል የተነፋ ጥቁር ቡችላ ነበረ። አብራው በመጣችው ወረቀት ላይ አባቴ «እኔ እስክመለስ ቤቱን ይጠብቅላችሁ» ብሎ ጽፎ ነበር። እናቴ ወረቀቷን አጣጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችና፣ ቡችላውን አቅፋ ወደ አጥሩ ጥግ ሄዳ፣ ባላምባራስ ከደጃቸው ተቀምጠው ዳዊት የሚደግሙበት ሰዓት መሆኑን እያወቀች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ስምህ ታያለህ ነው!» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ በቀን ሃያ ጊዜ «ታያለህ! አንተ ታያለህ!» እያለች ትጣራ ነበር። በአገሩ ባላምባራስን አንተ ለማለት የሚደፍር ሰው አልነበረም፤ ውሻውን የጠራ ሰው ግን አይከሰስም። እርሳቸውም ሞኝ አልነበሩም። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አዲስ በቅሎ ገዙና «ምንታመጪ» ብለው ሰየሟት። አሽከራቸው ውሃ ሊያጠጣት ሲወስዳት፣ በአጥራችን ሥር ሲደርስ ጉሮሮውን ከፍቶ «ነይ ምንታመጪ! አንቺ ምንታመጪ!» ይል ነበር። እናቴ «ታያለህ!» ስትል ከወዲያ በኩል «ምንታመጪ!» እየተመለሰላት፣ ሁለቱ ጎረቤታሞች አንድም ቀን ሳይነጋገሩ በጋውን ሙሉ ተሰዳደቡ።

ችግሩ ውሻው ስሙን የማይመስል መሆኑ ነበር። ኅዳር ሲገባ የጥጃ ቁመት አክሎ፣ ጠጉሩ ትከሻው ላይ እንደ ጎፈር ተንዠርግጎ፣ ያላወቀው ሰው ከሩቅ ሲያየው መንገድ የሚቀይርለት አውሬ ሆነ፤ ልቡ ግን የቡችላ እንደሆነ ቀረ። ሰው ባየ ቁጥር የፊት እግሮቹን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ፊቱን መላስ ነበር ሥራው። ሊጥ በላ፤ ሳሙና በላ፤ የእናቴን የክት ነጠላ ከተሰጣበት ጎትቶ አመድ ላይ ተኛበት፤ ቅቤ የተቀባች እንግዳ ብትመጣ አናቷን ልሶ ጨረሰው። በገመድ አስሬ ወደ ምንጭ ስወስደው እሱ ነበር የሚወስደኝ፤ ጉልበቴ ሳይላጥ የተመለስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። «ተቀመጥ» ስለው በጀርባው ተንጋሎ ሆዱን እንዳክለት ይሰጠኛል፤ «ና» ስለው ይሄዳል፤ «ሂድ» ስለው መጥቶ እግሬ ላይ ይተኛል። እናቴ በማማሰያ ልትመታው ስትነሣ ማማሰያውን ነጥቋት፣ ጅራቱን እየቆላ ግቢውን ይዞራል፤ ያን ጊዜ እናቴ አባቴ ከሄደ ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቅ ትስቅ ነበር። ስለዚህ ወደድኩት። ስለወደድኩትም የእኔን ቂም የእሱም ላደርገው ወሰንኩ።

አዝመራው ተሰብስቦ ጭድ በበዛበት ወራት፣ ነፋስ አንድ አሮጌ የባላምባራስን ኩታ ከተሰጣበት አንሥቶ በእኛ ቅንጭብ ላይ ጣለው። ማንም ሳያየኝ አወረድኩና ከበረቱ ኋላ ደበቅሁት። ኩታው የእርሳቸው ጠረን ነበረበት፤ የኮርቻ ቆዳና የጤና አዳም ሽታ። በጭድ ሞልቼ ሰው አስመሰልኩት፣ ከግንድ ጋር አቆምኩት፣ ደረቱ ውስጥ አጥንት ደበቅሁና፣ ታያለህን ከገመዱ ፈትቼ «ጃዝ!» እለው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጭዱን ትቶ እኔን ጣለኝ። እየቆየ ግን «ጃዝ» የምትለዋን ቃል ለይቶ፣ ተወርውሮ ሰውዬውን በጀርባው ዘርሮ፣ ደረቱን እየፈለፈለ አጥንቱን ማውጣት ለመደ። በሕይወቱ የተማረው ትምህርት ይኸው ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ እንዲህ አደርግ ነበር፤ ጨርቁ ሲቀደድ በሰማሁ ቁጥር የሚሰማኝን ጣፋጭነት ዛሬም አልክደውም፤ ጨርቅ አልነበረም የማስበው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከቤታችን አጥንት ጠፋ። ሥልጠናው ሊቋረጥ ሲል የክፍል ጓደኛዬ ዘይነባ አዳነችኝ። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፣ እነሱ ቤት ጾሙ ስላልነበረ ሥጋ አይጠፋም። ዘይነባ የተጋጠ አጥንት በወረቀት ጠቅልላ ታመጣልኝና፣ የውሻ ምራቅ እንዳይነካት ከድንጋይ ካቡ ላይ ወጥታ ቆማ ታየን ነበር። አንድ ቀን ብዙ ካየች በኋላ «ስንዱ፣ ይሄ ውሻ እኮ ተቆጥቶ አይደለም» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«ጅራቱን አታይም? ደስ ብሎት ነው።»

«ሊነክስ ስለጓጓ ነው!» ብዬ ጮኽኩባትና፣ ሁለት ቀን ኮረፍኳት።

ፋሲካ አልፎ፣ የግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ መንገዱን ባጨቀየ ማግስት፣ የገበያ ቀን ዋለ። ባላምባራስ አዲስ ኩታ ደርበው፣ ምንታመጪ ላይ ተቀምጠው፣ አሽከራቸውን አስከትለው ገበያተኛው መሐል ሲመጡ አየኋቸው። የግቢያችንን በር ከፍቼ ገመዱን ፈታሁ። 

«ጃዝ!»

ሰው «ኧረ ያዙት!» እያለ ሲበታተን፣ ምንታመጪ በርግጋ በኋላ እግሯ ቆመችና፣ ባላምባራስ ከነኩታቸው ጭቃው ላይ በጀርባቸው ወደቁ። ውሻው ደረታቸው ላይ ወጣ። አፉን ሲከፍት አየሁ። ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ማየት ፈልጌ ነበር።

ላሳቸው። ግንባራቸውን ላሰ፣ ጢማቸውን ላሰ፣ ጆሮአቸውን ላሰ፤ በየመካከሉ አፍንጫውን ኩታቸው ውስጥ እየሰደደ አጥንቱን ይፈልግና፣ ሲያጣ ተመልሶ ይልሳቸዋል። ለካ ያን ሁሉ ወራት ያስተማርኩት የእርሳቸው ጠረን ባለበት ሥጋ እንዳለ ኖሯል፤ በዓለም ላይ ከባላምባራስ አብልጦ የሚወደው ሰው አልነበረም። አሽከራቸው በዱላ ጀርባውን ሲደበድበው እንኳ ጥርሱን አላሳየም፤ ጮኾ ሸሸና ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ አንዲት ጌሾ ሻጭ ሳቀች፤ ከዚያ ገበያው በሙሉ። ባላምባራስ «አንሡልኝ! አንሡልኝ!» ሲሉ ሳቁ ድምፃቸውን ዋጠው።

እኔ አልሳቅሁም። አንድ ጠብታ ደም ባለማየቴ ተናድጄ፣ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ባላምባራስ ውሻው እንዲገደል ከሰሱን። የአጥቢያው ዳኛ ዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ ጉዳይ የነበረውም ያልነበረውም ሰው ተሰብስቦ ነበር። ዳኛው አስቀድመው የውሻውን ስም ጠየቁ።

«ታያለህ» አለች እናቴ።

«ምን አልሽ?»

«ስሙ ነው ጌታዬ፤ እርስዎን አይደለም።»

ሰው አፉን በነጠላው ሸፈነ። ዳኛው ወደ ከሳሹ ዞረው «ባላምባራስ፣ ጥርሱ የት ላይ አረፈብዎ?» አሉ።

ባላምባራስ ኩታቸውን ሰበሰቡ።

«ቁስል ካለ ይታይ።»

«አልነከሰኝም» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

«ታዲያ ምን አደረገዎ?»

ባላምባራስ ጢማቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። 

«ላሰኝ» አሉ በመጨረሻ።

የተነሣውን ሳቅ ዳኛው ራሳቸው ማስቆም አልቻሉም፤ ፊታቸውን አዙረው ሲስሉ ቆዩ። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ረትተን ነበር። ዳኛው ግን ወደ እኔ መለስ ብለው «አንቺ ልጅ፣ ገመዱ ተበጥሶ ነው ወይስ ለቀቅሽው?» አሉኝ። እናቴ እጄን ጨመቀችኝ፤ ተበጥሶ ነው በዪ ማለቷ ነበር። አንዲት ቃል ውሻዬን ታድነው ነበር። ነገር ግን እንዲያ ካልኩ ባላምባራስ በአንድ ጥጋበኛ ውሻ የወደቁ መስሏቸው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ነው፤ ይህን አልቻልኩም። እኔ መሆኔን እንዲያውቁ ፈለግሁ።

«እኔ ነኝ ጃዝ ያልኩት» አልኩ። «እንዲነክሳቸው ነበር። አባቴን ስላባረሩት።»

ሳቁ ቀጥ አለ። የመዝገቡን ነገር ያልሰማ ሰው በዚያ አልነበረም፤ በአደባባይ የተናገረው ግን አልነበረም። ባላምባራስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው፤ ቀድመው ዓይናቸውን የሰበሩት እርሳቸው ነበሩ። ዳኛውም ፈረዱ፤ ውሻው በሰባት ቀን ውስጥ ከከተማው ይውጣ፣ ካልወጣ ይገደል።

እናቴ ከዋርካው እስከ ቤታችን እጄን እየጎተተች ወሰደችኝ። ትመታኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የውሻውን ያበጠ ጀርባ በጨው ውሃ እያጠበች «አንድ ስንዝር አልነቃነቅም ብዬ ነበር» አለች። «አሁን የእኔ ልጅ ነቀነቀችኝ።» ከዚያ ቀና ብላ አይታኝ «ይሁን፤ አባትሽም ብቻውን ከረመ» አለች።

ቤቱን ለአክስቷ ልጅ አደራ ሰጥታ፣ አንዲት አህያ ጭነን፣ ዝናብ እየመታን በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን በኩል በእግራችን ሄድን። ታያለህ በየመንደሩ ሰው እየላሰ፣ በየወንዙ እየገባ፣ እላያችን ላይ እያራገፈ በሦስተኛው ቀን ሞጣ ደረስን። አባቴ በኪራይ ቤቱ ደጅ ሲያየን ብዕሩ ከእጁ ወደቀ። ውሻው በእናቴና በእሱ መካከል ዘሎ ሁለቱንም ጭቃ ቀባቸው። የሆነውን ሁሉ ስነግረው አባቴ እንዳይቆጣ ፈርቼ ነበር።

«ባላምባራስ በዳኛ ፊት ላሰኝ አሉ?» አለ።

«አዎ፣ በአፋቸው።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼ የሚያለቅስ መሰለኝና ላባብለው ስነሣ እናቴ ያዘችኝ። እየሳቀ ነበር። እንዲያ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ታያለህ ከእኛ ጋር ሞጣ ላይ አረጀ፤ መቀመጥም መምጣትም ሳይማር። በቢቸና ደግሞ ባላምባራስ በሄድንበት ዓመት አጥሩን ወደ እኛ ግቢ ገፍተው አንድ ጥግ እንደወሰዱ ሰማን። ግን ከዚያ ወዲያ በማዕረጋቸው የጠራቸው ሰው አልነበረም፤ ከሩቅ ሲመጡ ልጅ አዋቂው «ላሰኝ መጡ» ይል ነበር አሉ። ሲሞቱ እናቴ ለለቅሶ ሄዳ እውነተኛ እንባ አልቅሳ ተመለሰች። እኔ አልሄድኩም። ሳድግ ይጸጽተኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ጸጸቱ እስካሁን አልመጣም።

አሁን ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር ሰው አለ። የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ እየፈሰሰ ኮርኒሴን አበስብሶታል፤ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ፣ ሦስቴም አልከፈተልኝም። ስሙን አላውቀውም፤ ደረጃ ላይ ባገኘው ፊቱን አልለየውም። ያን ጊዜ የምንጠላውን ሰው እናውቀው ነበር፤ በስንት ሰዓት ዳዊት እንደሚደግም፣ የትኛው ጉልበቱ እንደሚያመው፣ ሲያስነጥስ ድምፁ እስከ የት እንደሚሰማ። ከላይ ያለውን ሰውዬ ግን ልቀየመው ብሞክር እንኳ የምይዘው ነገር አጣሁ። በጠብታው ሥር ባልዲ አስቀምጬ፣ በሬን ዘግቼ፣ ውሃው ሲንጠባጠብ እየሰማሁ እቀመጣለሁ።