ሰላምታ የነሳን ሙራድ

ሙራድን ለሽማግሌ የከሰስኩት እኔ ነኝ። ገርጂ ውስጥ አጥር ለአጥር ስንኖር ቀድሞ ሰላም የሚለኝ እሱ ነበር። ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ግን ጠባዩ ተለወጠ። ከጎኑ እጄን ዘርግቼ ስጠብቅ ትቶኝ ያልፋል። ታክሲ ገዛና ሰው አነሰበት አልን። ኩራት ነው እንጂ ሌላ ነገር ማን ያስባል?

የማናውቀው ነገር ይህ ነበር። ሙራድ ዓይኑን ሊታከም ሄዶ ኖሯል። «ፊት ለፊትህን ደህና ታያለህ» አለችው ሐኪሟ፤ «ጎንና ጎንህ ግን እየጠፋ ነው። መነጽር አይመልሰውም። ከእንግዲህ መሪ እንዳትይዝ።» ይህን ለሚስቱ ለሰኪና ብቻ ነገራትና በማግስቱ ከመገናኛ ቦሌ ሰው ሲያመላልስ ዋለ። ዓለምን በቧንቧ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ነበር የሚያየው። መንጃ ፈቃዱን ሲያድስ የዓይን ምርመራው ፊደሎች ፊት ለፊቱ ስለተሰቀሉ አንድም ሳይስት አለፈ።

የቀኝ ስፖኪዮው በሦስት ወር ሁለቴ ረገፈ። አንድ ቀን ከመንገዱ ዳር በግ ገጨ። እኛም የበጉን ባለቤት ረግመን ሙራድን አጽናናነው። ሞኝነታችን!

በ1990 ዓ.ም. ትዕግሥቴ አለቀና የእድራችን ዳኛ ጋሽ ኃይለኪሮስ ቤት አስጠራሁት። ሽማግሌዎቹ ፊት እውነቱን ይናገራል ሲባል ከጉልበቴ ሥር ተደፋ።

«ጥፋተኛ ነኝ፤ ኮርቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ ተካልኝ።»

ሰው ሳይኮራ ኮርቻለሁ ብሎ ይዋሻል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ደስ አለኝ፤ አሁን ሳስበው የማፍርበት ደስታ ነው። የእርቁ ማሰሪያ እንዲሆን ብዬ፣ «እንግዲያው እሑድ ናዝሬት፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ ታደርሰናለህ» አልኩት። እምቢ ቢል ቂም ይዟል ይባላል። «እሺ» አለ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ ነበር።

እሑድ ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ ለባብሶ፣ ልጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ታክሲዋ ውስጥ ታጨቀ። እኔ የልጅ ልጄን ቤቴልን ታቅፌ ጋቢና ተቀመጥኩ። ሰኪና ከሰባት ዓመት ልጇ ከሸሪፋ ጋር ከኋላዬ ናት። ሙራድ ገና ከበሩ ሲወጣ፣ በቀኝ በኩል ቅርጫት የተሸከመች ሴት ጮኸች። ፍሬኑን ረገጠው። ለጥቂት ተረፈች።

«ገና ሳንወጣ?» ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰኪና ግን አልሳቀችም። በሩን ከፍታ ሸሪፋን እየጎተተች ወረደች።

«ምነው ሰኪና?» አልኳት በመስኮት።

«አሟታል።»

«ኧረ ደህና ነኝ!» ብላ ልጅቷ አለቀሰች።

ተናደድኩ። «በሠርግ ቀን ምን ሟርት ነው? ለምን አወረድሻት?»

«ልጄ ናታ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ያለችኝ እሷ ብቻ ናት!»

መኪናው ውስጥ የነበረው ሳቅ ቆመ። እቅፌ ውስጥ ያለችውን ቤቴልን አየኋት፤ ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት። ሙራድ ሞተሩን አጠፋ። ወደ ማናችንም ሳይዞር፣ «ጎኔን አላይም» አለ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ልጆቻችንን እየያዝን አንድ በአንድ ወረድን። እሱ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። ዳግመኛ እንደማይነዳት ያወቀ ይመስለኛል። ለሙራድ ያዘንኩት ቆይቼ ነው፤ ያን ቀን የተናደድኩት በሰኪና ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቻችን በዚያች ታክሲ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ደጅ ላይ ቆማ «በሰላም ግቡ» እያለች ትሸኛቸው ነበር። ሸሪፋን ግን ከዚያ እሑድ በፊት አንድም ቀን አላሳፈረቻትም፤ በእግሯ ነበር የምታደርሳት።