ሲም የሌላት ስልክ

ስልኳን ያገኟት ሽሮ ውስጥ ነው። ቤቴን ሊፈትሹ የመጡት ሦስት ፖሊሶች ነበሩ። ከሦስቱ አንደኛው የወጥ ቤቴን ቆርቆሮዎች በየተራ እየከፈተ እጁን እስከ ክርኑ ይነክራል። ከምስሩም ከበርበሬውም ምንም አላገኘም። ከሽሮው ግን በፌስታል የተጠቀለለች አሮጌ ስልክ ይዞ ወጣ። ዱቄቱ አፍንጫው ውስጥ ገብቶ አስነጠሰው፤ እኔም ከልማድ የተነሣ "ይማርህ" አልኩት። እሱም ከልማድ "ያኑርሽ" ካለኝ በኋላ አለቃውን አይቶ ደነገጠ።

አለቃው ፌስታሉን ፈታ፤ የስልኳንም ጀርባ ከፍቶ አየ።

"ሲም የላትም" አለ።

"የላትም።"

"ሲም የሌላት ስልክ ሽሮ ውስጥ ምን ትሠራለች?"

ጥያቄው ልክ ነበር። ብልጠቴ ራሴኑ እንደ ጠለፈኝ የገባኝ ያኔ ነው። ጠረጴዛ ላይ ጥያት ቢሆን ኖሮ የተበላሸች ስልክ ናት ብለው ያልፏት ነበር። ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ እንጀራዬ የሰው ስሕተት መፈለግ ነው። የራሴን ስሕተት ግን በፌስታል ጠቅልዬ ሽሮ አልብሼ አስቀምጬላቸዋለሁ።

ቦሌ አራብሳ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ይዘውኝ ሲወርዱ ጎረቤቶች በራቸውን ገርበብ አድርገው ያዩ ነበር። ከፊት ለፊቴ የምትኖረው የወሎ ልጅ ብቻ ወጣች። ነጠላዋን ከላይዋ አንሥታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና "ብርድ ነው" አለችኝ። ፖሊሶቹን ዞር ብላም አላየቻቸውም።

የወሰዱኝ ከከተማው ምሥራቅ ዳር ወዳለ አንድ መጋዘን ነው። ቀደም ሲል ሲሚንቶ ይከማችበት ነበር መሰለኝ፤ ግድግዳውን የተደገፈ ሁሉ ጀርባው ነጭ ሆኖ ይነሣል። መስኮት የለውም። ምስማር የተነቀለበት የጣሪያ ቀዳዳ ብቻ ብርሃን ያስገባል፤ ብርሃኑም ወለሉ ላይ ሳንቲም ሳንቲም ያህል ሆኖ ይወድቃል። እርጥብ ካርቶንና ላብ ይሸታል። ካርቶኑ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ቀና ብለው አዩኝ። ጊዜው የጦርነቱ ጊዜ ነው፤ የሁላችንም ወንጀል የትግራይ ሰው መሆናችን ነበር።

ቦሌ ሚካኤል የጨርቅ ሱቅ የነበራቸው አንዲት ትልቅ ሴት ጠጋ ብለው ከካርቶናቸው ላይ ቦታ ሰጡኝ። ሁሉም እማማ ነው የሚላቸው።

"ምን ይዘው ነው ያገኙሽ?" አሉኝ።

"ስልክ።"

"ስልክማ ሁላችንም ይዘን ነበር።"

"የኔዋ ሽሮ ውስጥ ነበረች።"

እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። "ሽሮውስ ተረፈ?"

"ተደፋ።"

"እሱ ነው ወንጀሉ" አሉ።

ስልኳ የኔ ብትሆንም በውስጧ ያለው የኔ ብቻ አልነበረም። የማርያም ማኅበር አለን። በየወሩ በሃያ አንድ ተራ በደረሳት ሴት ቤት ተሰብስበን ጸሎት እናደርሳለን፣ ዳቦ እንቆርሳለን፣ ጽዋችንን እንጠጣለን፤ ከዚያ ጽዋው ወደ ቀጣዩዋ ባለተራ ቤት ይሄዳል። ሌላ ምሥጢር የለንም። መንገድ ላይ ሰው እያስቆሙ በስልኩ ያለውን ፎቶ ማየት ሲጀመር ግን ሴቶቹ ሁሉ ፎቷቸውን ለማጥፋት ተነሡ። የመቀሌ ሠርግ፣ የልጅ ክርስትና፣ ሹሩባ የተሠራች ሙሽራ፣ ሰንበት ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ የተነሡት፤ ይህ ሁሉ በዚያ ሰሞን ያስጠይቅ ነበር። ወደ ማጥፋቱ ሲመጣ ግን እጅ አልታዘዝ አለ። አንዷ "የልጄን ሠርግ በገዛ ጣቴ?" ብላ ስታለቅስ አላስቻለኝም።

"አሮጌ ስልክ አለችኝ" አልኩ።

ሲሟን አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አላየችም። ሁሉም ፎቷቸውን በብሉቱዝ ላኩልኝና ከየራሳቸው ስልክ አጠፉ። ፎቶዎቹ መስታወቷ በተሰነጠቀ በዚያች ስልክ ብቻ ቀሩ። እያንዳንዷ ሴት ከነልጆቿ፣ ከነቤቷ በር እዚያ ውስጥ አለች። መርማሪ አንዴ ቢከፍታት ማኅበሩ በሙሉ መጥቶ አጠገቤ ካርቶን ላይ እንደሚቀመጥ አውቅ ነበር።

የእናቴም ፎቶ እዚያው ነው። እናቴ መቀሌ ነበረች። የስልክ መስመሩ ከተቋረጠ ወዲህ ትኑር አትኑር አላውቅም።

መርማሪው በዕድሜ ከኔ ያንሳል፤ ቢሆንም "እርስዎ" እለው ነበር። "አንተ" ማለት መቀራረብ መሰለኝ። መጀመሪያ ያስጠራኝ ቀን ስልኳ ቻርጅ ተደርጋ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ክፈቻት" አለኝ።

"አልከፍትም።"

"ምን አለባት?"

"ፎቶ።"

"የምን ፎቶ?"

"የሰው።"

"እንግዲህ ምርጫው ያንቺ ነው። ከከፈትሻት ዛሬ ምሳሽን ቤትሽ ትበያለሽ።"

"ሽሮዬን ደፍታችሁት ምን እበላለሁ?" አልኩ። አምልጦኝ ነው። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል።

መርማሪው አልሳቀም። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየና መክፈቻ ቁጥሩ ይሆናል ብሎ የቅዱሳኑን ቀናት መሞከር ጀመረ፤ ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን። ቀጥሎ መታወቂያዬን አውጥቶ የልደት ቀኔን መጀመሪያ በእኛ፣ ከዚያ በፈረንጅ አቆጣጠር ሞከረ። ስልኳ በየስሕተቱ ድዝዝ ትላለች። በመጨረሻ "እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ" የሚል ጽሑፍ አወጣች። ቋንቋዋን አማርኛ አድርጌው ነበር። እሷም እንደኔ "እርስዎ" እያለችው መሆኑን ሳይ፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደስ አለኝ።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ እማማ ውኃ አቀበሉኝ።

"ልጄ፣ ለአንዲት አሮጌ ስልክ ብለሽ እዚህ አትበስብሺ። ስጫቸውና ውጪ" አሉኝ።

ጠጋ ብዬ በውስጧ እነማን እንዳሉ በጆሯቸው በትግርኛ ነገርኳቸው። ስጨርስ ወደ ግድግዳው ዞሩ። "አልነገርሽኝም፤ አልሰማሁም" አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስጠራ ተነሥተው ነጠላዬን የሚያስተካክሉልኝ እሳቸው ሆኑ።

በሌላ ቀን መርማሪው መነጽር ያደረገ የቴክኒክ ባለሙያ ይዞ ጠበቀኝ። ሰውየው ስልኳን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካት፣ ነካካት፣ ነቀላት።

"ሲም የላት፣ አካውንት የላት፣ ከምንም ጋር አልተገናኘች" አለ። "ከሌላ ቦታ የማወጣው ነገር የለም። ወይ መክፈቻ ቁጥሩን ታመጣላችሁ፣ ወይ ፎርማት ነው።"

"ፎርማት ስናደርጋትስ?"

"ሁሉም ይጠፋል። ባዶ ትሆናለች።"

ባለሙያው ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። መርማሪው ስልኳን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አሳየኝ።

"ሰምተሻል። ዛሬ አጠፋታለሁ። በውስጧ ያለው ሰው ሁሉ ይጠፋል።"

እናቴ ትዝ አለችኝ። በዚያ ፎቶ ላይ በሯ ላይ ቆማ፣ ፀሐዩን ለመከላከል እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋለች፤ ነጠላዋ ባንድ ወገን ወርዷል። ሞታ ከሆነ የቀረኝ ያ ፎቶ ብቻ ነው። ከጠረጴዛው ሥር የጎረቤቴን ነጠላ ጫፍ በሁለት እጄ ያዝኩ። ፈርቼ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼም አላውቅ።

"ያጥፏት" አልኩ።

ፊቴን አየ። እኔም ፊቱን አየሁ። ሒሳብ ሠራተኛ መሆን አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማል፤ የማይገጥም ሒሳብ የያዘ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሽሮ ውስጥ የተደበቀች ምሥጢረኛ ስልክ ይዣለሁ ብሎ ለአለቆቹ አስቀድሞ አውርቷል። አሁን ባዶ ስልክ ይዞ ገብቶ ምን ሊላቸው ነው? ቀስ ብሎ ፖስታ ውስጥ ከተታት።

"አንቺ ሴትዮ በጣም ደረቅ ነሽ" አለኝ።

"እናቴም ትለኛለች።"

እንዲያም ሆኖ ልቤ አላረፈም። ስልኳ ባትከፈትም ሴቶቹን በሌላ መንገድ ደርሰውባቸው ቢሆንስ? የሚነግረኝ አልነበረም። ስንቅ የምታመጣልኝ ያቺው የወሎዋ ጎረቤቴ ናት፤ እሷንም ስንቁን ተቀብለው ከበር ይመልሷታል። በዚያ ላይ የወሩ ባለተራ እኔ ነበርኩ። ጽዋው ቤቴ ነው ያለው፤ ቤቴ ደግሞ ተቆልፏል። ማኅበሩ በኔ ምክንያት ፈረሰ ብዬ አዝን ነበር።

በሃያ አንድ ስንቄ ሲገባ ፌስታሉ ከወትሮው ከበደኝ። ከእንጀራው ሥር የድፎ ዳቦ ቁራሽ ነበር፤ የተጋገረበት ኮባ መስመሩን ጀርባው ላይ አትሞበታል። ጠባቂው ሆዱን በቢላ ቀዶ ፈትሾታል።

"ዳቦ ነው" አለኝ፣ ቅር እንደተሰኘ ሰው።

"ዳቦ ነው" አልኩ።

በማኅበራችን ደንብ የቀረችን ሴት ድርሻ ማንም አይበላውም። ታማ ከሆነ አልጋዋ ድረስ፣ አራስ ከሆነች አራስ ቤቷ ድረስ ይላክላታል። ድርሻው ደግሞ የሚቆረጠው ሴቶቹ ተሰብስበው፣ ጽዋው ቀርቦ፣ ጸሎት ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ዳቦው የነገረኝ ግልጽ ነው። ተሰብስበዋል። ጽዋውን አግኝተዋል። አልተያዙም፤ እኔንም አልረሱኝም።

ካርቶኑ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፤ ስስቅ ደግሞ እንባዬ መጣ። እማማ ደንግጠው "ምን ሆነሻል?" አሉኝ።

"ማኅበሩ ድርሻዬን ላከልኝ።"

እማማ ዳቦውን ተቀብለው ሳሙት። በትንሽ በትንሹ ቆርሰው ለመጋዘኑ ሴት ሁሉ አደሉት። ለእያንዳንዳችን የደረሰን ከጥፍር አይበልጥም። አንዲቷ እንዲያውም "ምነው ማኅበርተኞችሽ እጃቸው አጠረ?" ብላ ተረበችኝ። ያን ቀን በሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ ማኅበር ዋልን። ከዚያ በኋላ መርማሪው ሲያስጠራኝ የነጠላውን ጫፍ አልያዝኩም።

ከሳምንታት በኋላ ስማችን ተጠርቶ "ውጡ" ተባልን። ስንገባ ምክንያት አልተነገረንም፤ ስንወጣም እንዲሁ። መርማሪው ፖስታውን ቀዶ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ቻርጅ እንኳ አድርጎላታል።

"ያንቺ መሆኗን ክፈቺና አረጋግጪ" አለኝ። ዓይኑ ጣቴ ላይ ነው።

ስልኳን አነሣሁ። የድምፅ ማውጫዋን ቀዳዳ በአውራ ጣቴ ሳሻሸው ትንሽ ሽሮ ረገፈ።

"ስንጥቋን አውቀዋለሁ" አልኩት።

"ብትሠራ ባትሠራ ሳታዪ ልትወስጃት ነው?"

"ሲም የሌላት ስልክ ምን ትሠራለች?"

ደረቴ ውስጥ ከተትኳት፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ "ደኅና ይዋሉ" ብዬው ወጣሁ። ከበሩ እስከ አስፋልቱ ድረስ አልሮጥኩም። መሮጥ አምሮኝ ነበር፤ ግን ሥራውን ጨርሶ እንደሚመለስ ሰው ቀስ ብዬ ሄድኩ። እማማ ከኋላዬ እየመጡ "እንዲያ ነው!" ሲሉ ሰማኋቸው።

ቤቴ ስደርስ ጎረቤቴ በር ከፈተችልኝ። ለክፉ ቀን ብዬ ሰጥቻት የረሳሁት ቁልፍ ነበራት። ለካ ጽዋውን ከቤቴ አውጥታ፣ በአትክልት ዘንቢል ደብቃ ለሴቶቹ ያደረሰችው እሷ ናት። ነጠላዋን ስመልስላት አሸተተችውና "ይህማ ሳይታጠብ አይለበስም" ብላ ገፋችኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ መክፈቻ ቁጥሩን ነካሁ። ሁሉም አሉ፤ ሠርጉም፣ ክርስትናውም፣ እናቴም እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ።

ዛሬ እናቴ እዚሁ አራብሳ እኔ ዘንድ ናት። መስመሩ ሲከፈት የመጀመሪያው ጥሪ "ምነው ጠፋሽ?" የሚል ወቀሳ ነበር፤ የጠፋሁት እኔ ሆንኩ። ያንን ፎቶ ባየች ቁጥር "ነጠላዬን ሳላስተካክል ነው ያነሣሽኝ" ትለኛለች። አጥፍተሽ ሌላ አንሺኝም ትላለች። እሷን እንኳ አልሰማኋትም።

መክፈቻ ቁጥሩ ማኅበራችን የተመሠረተበት ቤት የቀበሌ ቁጥር ነው። ቤቱ ለመንገድ ተብሎ ከፈረሰ ቆይቷል፤ አሁን መኪና ያልፍበታል። መርማሪው ቢፈልገውም የሚያገኘው አስፋልት ነው። ቤቱን አፈረሱት፤ ቁጥሩ ግን እኛ ዘንድ ቀረ። ስንት እንደሆነ ለናንተም አልነግራችሁም።

ሴቶቹ ፎቷቸውን በየስልካቸው መልሰዋል። ቢሆንም በየወሩ በሃያ አንድ ጸሎቱ ደርሶ ዳቦው ሲቆረስ "እስቲ እሷን አምጫት" ይሉኛል። ግድግዳው ላይ ሰክቼ አበራታለሁ። ቁጥሩን ልነካ ጣቴን ሳነሣ ሁሉም፣ እናቴ ሳትቀር፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ቁጥሩን የማያውቅ ግን ከመካከላችን አንድም የለም።