የእናቴ ግራ እጅ

ሰው የእናቱን ሽታ ሲያነሣ ስለ ቅቤዋና ስለ ነጠላዋ ያወራል። እኔ ልጅ እያለሁ ከሁሉ አብልጬ የማውቀው የእናቴን የብብቷን ሽታ ነው። ላብ፣ ሽንኩርት፣ ትንሽ ደግሞ የልብስ ሳሙና። አንድ በጋ ሙሉ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አፍንጫዬ እዚያ ተወሽቆ ቆሜያለሁ። ዛሬ ሞጣ አስተማሪ ነኝ። ተማሪ እጁን አውጥቶ ሳልጠይቀው ከቆየሁና ክንዱ ሲዝል ካየሁ፣ ትከሻዬን ያመኛል።

ያደግነው ብቸና ነው። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱን የያዙት እናቴና ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን ነበሩ። ከእሱ ቀጥሎ እኔ፣ ከእኔ ቀጥሎ ጌትነት። ሙሉቀን ቅልሞሽ ያስተማረኝ ነው፤ ወንድ ልጅ ቅልሞሽ ይጫወታል ወይ ብለው ቢስቁበት ደንታም አልነበረው። የድንበሩ ጦርነት ሲነሣ በሐምሌ ጭቃ ሄደ። እስከ መኪናው ድረስ ጌትነትን በትከሻው ተሸክሞ ወሰደው፤ መኪናው ሲነሣ ጌትነትን ከላዩ ማላቀቅ ለእናቴ ትልቅ ሥራ ሆነባት። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ። ከሙሉቀን ዘንድ ወሬ የሚባል ጠፋ።

ከቤታችን በላይ ካለው ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ ነበሩ። እናቴ ለተማሪዎቻቸው ቁራሽ ነፍጋ ስለማታውቅ፣ እሳቸውም ሐዘኗን ያዩ ነበር። በኅዳር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጃችን አረፍ ብለው የሙሴን ነገር አወሩላት። እስራኤል ከአማሌቅ ጋር ሲዋጋ ሙሴ ኮረብታ ላይ ወጥቶ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ እጁ ከፍ ሲል እስራኤል ያሸንፋል፣ ዝቅ ሲል አማሌቅ ይበረታል። ክንዱ ሲዝልበት አሮንና ሖር ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ አንዱ በወዲህ አንዱ በወዲያ ሆነው እስኪመሽ ደገፉት፤ ድሉም የእስራኤል ሆነ። የኔታ ይህን ያሉት ጸሎቷን እንዳትተው ብለው ነው፣ ለማጽናናት። እናቴ ግን ትእዛዝ አድርጋ ሰማችው።

በዚያው ዕለት ማታ ከግቢያችን ጥግ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ሁለት እጆቿን አነሣች። እኔን በቀኟ አቆመችኝ። ጌትነት ገና ቁመቱ ስላልበቃ ሙቀጫ ተገልብጦለት በግራዋ ቆመ። የኔታ በማግሥቱ ሲያልፉ አይተው ደነገጡ፤ ቆም ብለውም፣ «ልጄ፣ ጸሎት እኮ ወደ ምሥራቅ ነው» አሏት። እናቴ እጇን ሳታወርድ፣ «ጦሩ ያለው በሰሜን ነው የኔታ። ሙሴ ለሚዋጉት ጀርባውን ሰጥቶ ነበር እንዴ?» አለቻቸው። በቅኔ ሰው ያሸነፉ የኔታ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

መጀመሪያ ጨዋታ መስሎን ነበር። ሲውል ሲያድር ግን ክንድ ምን ያህል እንደሚከብድ አወቅን። የእናቴ ክርን መዳፌ ውስጥ እየላበ ይንሸራተታል፤ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ከአጥር ውጭ ጓደኞቼ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ እሰማለሁ፤ ስሜን እየጠሩ ቆይተው ቆይተው ተዉኝ። ጎረቤታችን በአጥር ብቅ ብላ፣ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች!» ብላ አላገጠችብን። የእሷም ልጅ በጥር ዘመተ። በሳምንቱ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ከእናቴ ጎን ድንጋይ አስጠግታ ተቀመጠች። ከዚያ ሌሎችም መጡ። ትንንሽ ልጅ የሌላቸው ከጎረቤት ልጅ ተውሰው ይመጡ ነበር፤ እኛ ልጆቹም «የማን እጅ ይቀላል?» እያልን እንከራከራለን። አንድ ማታ ጌትነት ሙቀጫው ላይ እንደቆመ ዙሪያውን ቃኘና፣ «እማ፣ እጅ ወደ ላይ እኮ የሚያደርገው የተማረከ ነው» አለ። ሴቶቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እናቴም ሳቀች። በእሱ ነገር ስትስቅ ያየሁት ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

በየካቲት ጌትነትን ጉንፋን ያዘው። ሲያስል አድሮ ሲያስል ይውላል፤ ማታ ግን ከሙቀጫው አልቀረም። አንድ ቀን በቆመበት እንቅልፍ ወሰደው። ሙቀጫው ተንከባለለና እሱ የእናቴን ክንድ እንደያዘ ወደቀ፤ ግንባሩም ተፈነከተ። ልጁ መሬት ላይ ደም እያፈሰሰ፣ እናቴ መጀመሪያ ያነሣችው እጇን ነበር። «ያዝ! ጌትዬ ያዝ!» እያለች ትጮሃለች። ጌትነት ዐይኑን ደም ሸፍኖት፣ ሙቀጫውን በዳበሳ አቃንቶ ወጣና ያዘላት።

መርዶው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ መጣ። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች ደጃችንን ሞሉት። እናቴ ደረቷን ከመምታቷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀች፤ «ቀኑ መቼ ነው?» አለች። ቀኑን የሚያውቅ አልነበረም። እሷ ግን ቀኑን ራሷ ቆረጠችው፤ ጌትነት ከሙቀጫው የወደቀበት ማታ ነው። ለቅሶው ሲበርድ፣ ጌትነት ውሃ ሊያቀብላት ቀረብ ሲል፣ አየት አድርጋው፣ «አንተ ባትጥለው ኖሮ» አለች። ያን ቃል ሁለተኛ አልደገመችውም። መድገምም አላስፈለጋትም። ጌትዬ መባሉ ቀርቶ «ያ ልጅ» ሆነ። ልብሱ ታጥቦ ምግቡ ቀርቦ ያድጋል፤ እጇ ግን ራሱን ዳብሶት አያውቅም። የኔታ ነገሩን ሰምተው ሊያስረዷት መጥተው ነበር። ምሳሌ ነው፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ በሕፃን ክንድ አይመዘንም ቢሏት፣ «ታዲያ ለምን ነገሩኝ?» አለቻቸው። የኔታ በትራቸውን አንሥተው ሄዱ። ጌትነት ድምፁ ሳይጎረምስ ቤቱን ለቆ ደጀን ገባ። ዛሬም እዚያው ጎሚስታ ነው፤ የከባድ መኪና ጎማ ይጠግናል።

አምና ሞጣ፣ ወላጆች ትምህርት ቤት በተጠሩበት ቀን፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ አባት የልጁን ነገር ጠይቆኝ ሲያበቃ አልሄድ አለ። «መምህርት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ መልክሽ አንድ ሰው ያስታውሰኛል» አለኝ። ሙሉቀንን ነው። አብረው ዘምተው ነበር። ሙሉቀን ግንባር አልደረሰም። ማሠልጠኛው ሳሉ ወባ ይዞት በነሐሴ ሞተ። «አንድ ጥይት ሳይተኩስ። አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «አይደለም፣ በየካቲት ነው» ብዬ ተከራከርኩት። «በነሐሴ ነው፣ መምህርት» አለኝ እያዘነልኝ።

ነሐሴ! እናቴ እጇን ያነሣችው በኅዳር ነው። በጋውን ሙሉ ደግፈን የቆምነው ለሞተ ሰው ነበር። ተቃጠልኩ። ለሙሴ ሕዝብ ባሕር የከፈለ ጌታ፣ ለአንዲት መበለት «ይብቃሽ፣ አውርጂው» ማለት እንዴት አቃተው? ይህን ማለት ኃጢአት ከሆነም ይሁን፤ ብዬዋለሁ።

በተኩስ ተዘግቶ የነበረው መንገድ ሲከፈት ደጀን ሄድኩ። ጌትነት የጎማ ከመነዳሪ በውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ እያዞረ፣ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልግ ነበር። ነገርኩት። ማዞሩን ሳያቆም፣ «በነሐሴ?» አለ።

«በነሐሴ። ተነሥ አሁኑኑ እንሂድ፣ ትስማው።»

«አትነግሪያትም።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አይደል የሚባለው? ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አንተ ላይ...»

«እኅቴ፣» አለኝ፤ እጁን ከውሃው አወጣ፤ «እኔን ማጣቱን ለምዳዋለች። ያ ሁሉ ጸሎት ለከንቱ ነበር ብለሽ እግዜርንም ካሳጣሻት፣ ማንን ይዛ ትሞታለች?»

ጮህኩበት። ሰው እስኪሰበሰብ ጮህኩበት። እሱ ሱሪው ላይ እጁን ጠረገና ሻይ አዘዘልኝ።

ልጆች ሳለን ጦርነት ሩቅ አገር ያለ ነገር ነበር፤ ሰው ሄዶ የሚቀርበት። ዛሬ ተኩሱን ቤታችን ተቀምጠን እንሰማለን፤ ማታ ማታ በየግቢው ስንት እጅ እንደሚነሣ እግዜር ይወቀው። የሚያነሡትን አልከለክልም። ያን ጊዜ ግን ሲመሽ እጅ ይወርዳል፣ እራት ይቀርባል፣ ድካሙም አብሮ ያልቃል። ያ ድካም ዛሬ ይናፍቀኛል።

ለእናቴ ሳልነግራት ፋሲካ ደረሰ፤ ጌትነትም ብቸና መጣ። እናቴ አርጅታለች፤ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አይሄድም። በግ ታርዶ፣ ወጡ ቀርቦ፣ ለማዕዱ ጸሎት ሁላችንም ቆምን። ጌትነት በር አጠገብ ነበር። እናቴ ቤቱን ባረከች፣ አገሩን ሰላም አድርግልን አለች፣ ለሙሉቀን ነፍስ ይማርልኝ አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ በሩ ሳታዞር፣ «ያንንም ልጅ ይቅር በለው» አለች።

ከሁላችንም ቀድሞ «አሜን» ያለው ጌትነት ነው።